አኔሎ የተወው ባዶ ቦታ

ካስቴላማሬ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1924

የተከበሩ ወይዘሪት ኦዲል፣

ሰላምታዬ ዘግይቶ ስለሚደርስዎ ይቅርታ ይቅደምልኝ። ሳጥኑ ከገና በፊት ደርሶናል። ወዲያው መጻፍ ሲገባኝ ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት በስንፍና አይደለም፤ እናቴ ሳጥኑ እንዳይከፈት ስለከለከለች ነው። በሩ አጠገብ አስቀምጣው ስትገባና ስትወጣ በእጇ ዳበስ እያደረገችው ከረመች። ትናንት እሑድ ራሷ ከፈተችው። የወንድሜ የአኔሎ ሸሚዞች፣ ምላጩ፣ ሰማያዊው ሹራብ የአንገት ልብስ፣ እርስዎ የዘረዘሩት ሁሉ አለ። የአንገት ልብሱን እናቴ ወስዳ ከጥቁር ሻሿ ሥር ታደርገዋለች። "ይሄን ማን ሠራው?" ብላ ጠየቀችኝ። ከሱቅ የተገዛ ነው አልኳት። ዋሽቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።

እንዴት እንደሆንን ጠይቀዋል። አባቴ የአኔሎ የሞት ወሬ በደረሰን ማግስት ወደ ባሕሩ ዳር ሥራው ተመለሰ። ሥራው የጀልባ ሳንቃ ስንጥቅ በቅጥራን በተነከረ ቃጫ መድፈን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአኔሎን ስም አንስቶ አያውቅም። ፒያኖው ተቆልፏል። በእኛ ዘንድ ሐዘን በገባበት ቤት ዓመት እስኪሞላ ሙዚቃ አይሰማም፤ ቁልፉን እናቴ ከመቁጠሪያዋ ጋር አስራዋለች። እኔ ናፖሊ ወዳለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በባቡር እመላለሳለሁ። እዚያም ክንዴ ላይ ጥቁር ጨርቅ ስላለ ሰው ፊት እንድጫወት አይጠሩኝም።

የአኔሎን ሙዚቃ ፓሪስ ውስጥ ለማሰማት ያሰቡትን ኮንሰርት በተመለከተ መልሴ አዎ ነው። ሙዚቃው ይሰማ። ለአባቴና ለእናቴ ግን ገና አልነገርኳቸውም።

ካልተጨረሰው ከሙዚቃው አራተኛ ክፍል እዚህ የቀረ ወረቀት የለም። ፍራሹን ገልብጬ፣ ከመሳቢያው ጀርባ እጄን ሰድጄ ፈልጌያለሁ። ያገኘሁት ተማሪ ሳለ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የገለበጣቸውን የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ዜማዎች ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ጓደኛው ሙሴ ላፎስ "እኔ ልጨርስለት" ማለታቸውን ጽፈዋል። እባክዎ ማንም እዚያ ወረቀት ላይ እንዳይጽፍበት። አስቀድመው እንዳለ ገልብጠው ይላኩልኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ነገር ግን የአኔሎን የእጅ ጽሑፍ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው።

ስለ እርስዎ ምን ይጽፍልን እንደነበርም ጠይቀዋል። "ቼምባሎ የምትጫወት ወዳጅ አለችኝ፤ ስድብ ላይ ትበልጠኛለች" ብሎ ነበር። እናቴ ቼምባሎ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ፒያኖ የሚመስል፣ ክሩን በመዶሻ መምታት ትቶ በላባ የሚቆነጥር የድሮ መሣሪያ ነው አልኳት። ሌላ አልጻፈም።

አክባሪዎ
ካቴሎ ካፔቼ


ፓሪስ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1924

ካቴሎ፣

"የተከበሩ" ስትለኝ ከኋላዬ የቆመች አሮጊት ያለች መስሎኝ ዞር አልኩ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አንቺ በለኝ። ጣሊያንኛዬ ካሳቀህ ጥፋቱ የወንድምህ ነው። ካስተማረኝ ውስጥ ግማሹ ለእናት ፊት አይሆንም።

የጠየቅኸው ግልባጭ ይኸው። ሦስቱ ክፍሎች ለአሥራ አንድ ተጫዋቾች ተጽፈው አልቀዋል፤ እያንዳንዷ ነጥብ ሳትቀር አለች። አራተኛው ግን ሦስት ገጽ ሆኖ ከታች አንድ መስመር ብቻ ነው፣ የቼሎው። ከላይ ለቼምባሎ የተሰመሩት መስመሮች ባዶ ናቸው። ሁለቱ ገጾች ላይ ከቼሎው ነጥቦች በላይ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ፤ ሦስተኛው ላይ እነሱም የሉም። አንድ ድምፅ ይደጋገማል፣ ከዚያ ባዶ፣ ደግሞ ያው ድምፅ። ምናልባት እጁ ደክሞ ይሆናል። የጦር ሜዳው መርዝ ጋዝ ሳንባውን ሲበላው ኖሮ በስተመጨረሻ ኩባያ እንኳ የሚያነሣው በሁለት እጁ ነበር።

ሰዎች በሙዚቃው ለምን ይስቁበት እንደነበር ልንገርህ። እኔ ሕፃን ሳለሁ ትልቅ ሙዚቃ ማለት መቶ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያለቅስበት ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጦርነቱ መሐል አንድ የኛ አገር ሰው ለሞቱ ወዳጆቹ በጥንት ጭፈራዎች መልክ ቀለል ያለ፣ የማያለቅስ ነገር ጻፈ። ከዛሬ አራት ዓመት በፊት ደግሞ አንድ ሩሲያዊ የእናንተን የናፖሊን የድሮ ዜማዎች አንሥቶ እንደገና ሰፋቸውና ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "በመጨረሻ ንጹሕ አየር" አለ፣ ግማሹ "የሙት ልብስ ለባሾች" አለ። በርሊን የተቀመጠ አንድ የእናንተ አገር ሰውም ወጣቱን ወደ ጥራት፣ ወደ መስመር ተመለሱ እያለ ይጽፋል። አኔሎ ከእነዚህ ወገን ስለነበር ቡና ቤት ውስጥ "የጥንት ዊግህን የት ጣልከው?" ይሉት ነበር። እሱ ደግሞ "ሦስት ዓመት ትልቅ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ምሽግ ውስጥ ነበርኩ። እናንተ ከናፈቃችሁ ሂዱና ስሙት። እኔ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ቆሞ ስሙን የሚናገርበት ሙዚቃ ነው የምፈልገው" ይላቸው ነበር።

አሁን ችግሩን ልንገርህ። አዳራሹ ለሜይ 20 ተይዟል። የፕሮግራሙ ወረቀት ማርች 31 ቀን ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። የአዳራሹ ሰውዬ "ሦስት እግር ያለው ጠረጴዛ ቤቴ አላስገባም፤ ወይ አራት ክፍል አምጪ ወይ ተዪው" ብሎኛል። ላፎስ አራተኛውን ሊሞላው ዝግጁ ነው። ቀንደ መለከት፣ በገና፣ መጨረሻ ላይ ደወል። "ሰዉ ያለቅሳል፣ ኦዲል። ለሞተ ሰው የሚገባው እሱ ነው" ይለኛል። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። አኔሎን ከልቡ ነው የሚወደው።

ኦዲል


ካስቴላማሬ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1924

የተከበሩ ወይዘሪት ኦዲል፣

አንቺ እንድልዎ ጠይቀዋል። እናቴ ብትሰማ በማማሰያ ነው የምትለኝ፤ ስለዚህ ይቅርታዎን።

ግልባጩን ይዤ ወደ ዶን ሳባቶ ሄድኩ። ዶን ሳባቶ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው የደብራችን ኦርጋን ተጫዋች ናቸው። ድሮ በትምህርት ቤታችን አስተምረው አኔሎንም በአሥራ ሁለት ዓመቱ የያዙት እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀምጠው የተቀቀለ ግብጦ እየላጡ አገኘኋቸው። ወረቀቱን ከአፍንጫቸው ጋር አገናኝተው አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው ትላለህ?" አሉኝ።

"ያላለቀ ሙዚቃ።"

"ያላለቀውስ ያንተ ትምህርት! ፓሪሶችም እንደዚህ አሉ?"

"አዎ፣ ዶን ሳባቶ። አንዱ ሊጨርስለትም ነው።"

ሳቁ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። "ዓሣ አጥማጅ ባዶ ቅርጫት ይዞ ወደ ባሕር ሲወርድ ያዩና፣ ምስኪን ዓሣው አለቀበት ይላሉ! ልጄ፣ ይሄ እኮ አልቋል።"

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ወይዘሪት ኦዲል። በጥንቱ የናፖሊ ትምህርት ቤቶች መምህሩ ለልጁ የታችኛውን መስመር ብቻ ይሰጠው ነበር። ልጁ ቼምባሎው ላይ ይቀመጥና የላዩን በእጁ እየፈጠረ ይጫወታል፤ አይጻፍም። ሕጉ የታወቀ ነው፣ ትንንሾቹ ቁጥሮች መንገድ ይጠቁማሉ፣ ጨዋታው ግን በየቀኑ ሌላ ነው። ፓርቲሜንቶ ይሉታል። እነዚያ ዛሬ ፓሪስ የሚሰፋቸው የድሮ ዜማዎች ሁሉ የተወለዱት እንዲህ ካደጉ ልጆች እጅ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ "የሽማግሌዎች ጨዋታ" ተብሎ ቀርቶ ነበር። አኔሎ ግን ያውቀው ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ አልደከመም። ባዶው የተተወው ሆን ተብሎ ነው። ለሙሴ ላፎስ ብዕራቸውን እንዲያስቀምጡ ይንገሯቸው።

ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ ዶን ሳባቶ ጋ እማራለሁ። "ጣትህ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ነው" አሉኝ። ይሁን፤ ዶሮም ትጠግባለች።

እስከዚያው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ሕጎች ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ይሞክሯቸው። የአኔሎን የመጨረሻ ሳምንት ግን ለምን ጭራሽ እንደማያነሡት ልጠይቅዎ? ቀብሩን ጽፈውልናል፣ ሐኪሙን ጽፈውልናል። በመካከላቸው ያሉት ሰባት ቀኖች ከደብዳቤዎችዎ ውስጥ የሉም።

ካቴሎ


ፓሪስ፣ ማርች 5 ቀን 1924

ካቴሎ፣

ደብዳቤህን ለላፎስ አነበብኩለት። ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። "ይሄ እኮ የተማሪ መልመጃ ነው፣ ኦዲል። ሦስት ክፍል ሙሉ አንዲት ነጥብ ሳያስቀር የጻፈ ሰው አራተኛው ላይ መልመጃ ይሰጠናል?" አለኝ። አንተ ለዚህ መልስ አለህ?

ሕጎችህን ሞክሬአቸዋለሁ። ከእጄ የወጣው የቀብር መዝሙር ነው፤ ያውም የሀብታም ቀብር። እኔ የተማርኩት የተጻፈውን አጥርቼ ማንበብ ነው። ነጥብ የሌለበት ቦታ ስደርስ እጄ እንደ በቅሎ ይቆማል። ስለዚህ አንተ ከመምህርህ ጋር ሆነህ ሙላውና ጻፍልኝ፤ እኔ እንደ ተጻፈ እጫወተዋለሁ።

ሦስተኛውን ገጽስ ምን እናድርገው? ቁጥር የለው፣ ምልክት የለው። ላፎስ "ሞት እጁን የያዘበት ገጽ" ይለዋል፤ ደወሎቹን የሚያስገባውም እዚያ ላይ ነው። እስካሁን አሥራ አንድ ገጽ ጽፏል። እውነቱን ልንገርህ፣ ያምራል። ትናንት በፒያኖ ሲጫወትልኝ አለቀስኩ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ተናደድኩ፤ አኔሎ ቢሰማው "ማን ነው መጋረጃውን የዘጋብን?" ይል ነበር።

የመጨረሻውን ሳምንት አንድ ቀን እጽፍልሃለሁ። ዛሬ አይደለም።

ማርች 31ን አትርሳት። የማሳየው ነገር ከሌለኝ የላፎስን ገጾች እሰጣለሁ። ምንም ሳይሰማ ከሚቀር ይሻላል።

ኦዲል


ካስቴላማሬ፣ ማርች 17 ቀን 1924

የተከበሩ ወይዘሪት ኦዲል፣

አልጽፍም። ጠይቀውኝ እምቢ ማለቴ ከባለጌ እንዳያስቆጥረኝ ምክንያቱን ልንገርዎ። አራት ጊዜ ጽፌአለሁ። አራቱንም ዶን ሳባቶ አይተው "ጥሩ ነው። አሁን ቅደደው" አሉኝ። "ተጽፎ የደረቀ ፓርቲሜንቶ ጨው የገባው ዓሣ ነው። ይበላል፤ አይዋኝም" አሉ። ቀደድኩት።

ለሙሴ ላፎስ መልስ አለኝ። አኔሎ ሦስቱን ክፍሎች ማን እንደሚጫወታቸው አያውቅም ነበር፣ ስለዚህ ሁሉንም ጻፈ። አራተኛውን ማን እንደሚጫወተው ግን ያውቅ ነበር፤ ላመነው እጅ ቦታ ተወ። ያ ሰው ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም። እርስዎ ይሆናሉ ብዬ አስቤ ነበር።

አሁን ስለ ሦስተኛው ገጽ። ትናንት እሑድ ከምሳ በኋላ እናቴ ጎረቤት ሄዳ እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እለማመድ ነበር። ፒያኖው ስለተቆለፈ የምለማመደው ጠረጴዛ ላይ ነው። ግልባጩን ፊቴ ዘርግቼ ያን የሚደጋገም ድምፅ በጣቴ እመታለሁ። አባቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ጫማውን ይጠግን ነበር።

"ተሳሳትክ" አለኝ።

ደነገጥኩ። አባቴ ኖታ አያነብም። "ምኑን?"

"አራተኛውን አትምታው።" ተነሥቶ መጣና በጣቱ አጥንት ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ መታው። ታክ፣ ታክ፣ ታክ። ከዚያ ጆሮውን ወደ እንጨቱ ዘንበል አድርጎ ቆመ።

"ምን እየሠራህ ነው?" አልኩት።

"እየሰማሁ ነው እንጂ! ሦስቴ ትመታለህ፣ በአራተኛው ታዳምጣለህ። ቃጫው ገብቶ ከሆነ ሳንቃው ይመልስልሃል። ያላዳመጠ ሰው ጀልባ ይሰምጣል፤ የፈለገ መዶሻው ይጩህ።" ከዚያ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ዐረፈ። "ይሄን ማን አስተማረህ?"

"የአኔሎ ሙዚቃ ነው" አልኩ። ስሙ በዚያ ቤት ሞቱ ከተሰማበት ከኖቬምበር ወዲህ በአባቴ ፊት ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

"የአኔሎ አይደለም" አለ። "የኔ ነው።" ቆቡን አንሥቶ ወጣ። በሩን ግን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

አኔሎ ልጅ ሳለ የአባቴን ምሳ ባሕር ዳር ያደርስ ነበር። እኔም ሳደርስ ኖሬአለሁ፤ ሆኖም ሁልጊዜ የሰማሁት ምቱን ብቻ ነው፤ ዝምታውን ልብ ብዬ አላውቅም። ወይዘሪት ኦዲል፣ ግልባጩን ያውጡና ይቁጠሩ። ሦስት ምት፣ አንድ ባዶ። ሦስት ምት፣ አንድ ባዶ። ሃያ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዴም አልተዛነፈም። እጁ የደከመ ሰው ሃያ ሁለት ጊዜ እኩል አይደክምም።

እዚያ ቦታ ላይ ደወል ከገባ አባቴ የሚያዳምጥበት ቦታ አይቀርም። ይህን ለሙሴ ላፎስ ቃል በቃል ያንብቡላቸው።

ካቴሎ


ፓሪስ፣ ማርች 29 ቀን 1924

ካቴሎ፣

ቃል በቃል አነበብኩለት። ላፎስ ገጾቹን ሰብስቦ ደህና ዋይ እንኳ ሳይለኝ ወጣ። ሁለቱ ቫዮሊን ተጫዋቾች የሱ ወዳጆች ስለሆኑ አብረውት ይሄዳሉ ብዬ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሬን አንኳኳ። "ሃያ ሁለት ነው" አለኝ። "እኔም ቆጠርኩ። ልጁ ልክ ነው። ደወሌን ለሌላ ሬሳ አስቀምጣለሁ፤ ምናልባት ለራሴ።" ከዚያ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ሾርባ ሰጠሁት። ሰዎቹ ይጫወታሉ።

የፕሮግራሙ ወረቀት ዛሬ ማተሚያ ቤት ገብቷል። አራተኛው ክፍል እንዲህ ይላል፦ "የታችኛው መስመር፣ አኔሎ ካፔቼ። ቼምባሎ፣ ካቴሎ ካፔቼ።" ሳልጠይቅህ ነው ያሳተምኩት። ለምን እንደሆነ ስነግርህ ትቆጣለህ። ተቆጣ።

የመጨረሻው ሳምንት። ማክሰኞ ቀን ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ብሎለት ወረቀቶቹን አስመጣኝ። ሦስቱን ገጾች ለይቶ "አራተኛው የካቴሎ ነው፤ ላኪለት። ምን እንደሚያደርገው ያውቃል፣ ባያውቅም ያገኘዋል" አለኝ። የሰማሁት በደንብ ነው። ትኩሳት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሳጥኑን ስሞላ ሸሚዞቹን፣ ምላጩን፣ የሠራሁለትን የአንገት ልብስ እንኳ ላክሁ፤ እነዚያን ሦስት ገጾች ግን አስቀረኋቸው። በፀደይ ልንጋባ ነበር። ማንም አያውቅም፤ ለእናትህ በአካል መጥቶ ሊነግራት ነበር የፈለገው። እኔ መበለት አይደለሁም፣ ዘመድ አይደለሁም፣ በቀብሩ ላይ የቆምኩት ከጓደኞቹ ጋር ነው። ከእሱ የኔ የሆነ አንድ ነገር ፈለግሁ። የያዝኩት ግን ያንተ ነበር።

ይቅርታ አድርግልኝ። ባታደርግልኝም ና።

ኦዲል


ካስቴላማሬ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1924

ወይዘሪት ኦዲል፣

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ መልሱን ሦስት ቀን አቆየሁት። ጽፌ የቀደድኩትም አለ። ለካ ለአራት ወር "ለእኔ አንድ ቃል ሳይተው ሞተ" እያልኩ ያዘንኩት በከንቱ ኖሯል። ይቅር ብዬአለሁ ብል ዛሬ ውሸት ይሆናል። ግን እመጣለሁ። ስሜ የታተመው በእርስዎ ፈቃድ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልመጣም ነበር፤ የመጀመሪያው ፈቃድ የአኔሎ ስለሆነ ነው።

እንዴት እንደምመጣ ግን ገና አላወቅኩም። ፓስፖርት ለማውጣት የአባቴ ፊርማ ያስፈልጋል። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው። አባቴ ሹካውን አስቀምጦ "ፓሪስ አንድ ወስዳብኛለች" አለ። እናቴ "ዓመቱ ሳይሞላ? አደባባይ ላይ ልትጫወት? ሰው ምን ይለናል?" አለች።

"ሰው የሚለውን አኔሎ አይሰማም፣ እማዬ። የሚሰማ ነገር ቢኖር ይሄን ነው" አልኳት። እንዲህ ብዬ መልሼላት አላውቅም። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የአንገት ልብሱን ከሻሿ ሥር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"እውነቱን ንገረኝ፤ ከሱቅ አይደለም። ጫፉ ላይ የተሳሳተ ረድፍ አለው፤ ሱቅ እንደዚህ አይሳሳትም።"

ነገርኳት። ልትጋቡ እንደነበርም ነገርኳት። ሳህኖቹን አነሣች፣ አጠበች፣ አደረቀች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። እንዳለችው ላስተላልፍልዎ፦ "ጥቁር ለብሳለች?"

እውነቱን ይመልሱ። እሷን ለማስደሰት ብለው አንድ ቃል እንዳይጨምሩ፤ ታውቃለች።

እኔ በየቀኑ እለማመዳለሁ። ዶን ሳባቶ ትናንት ከዶሮ ወደ ድርጭት አሳድገውኛል።

ካቴሎ


ካስቴላማሬ፣ ሜይ 11 ቀን 1924

እህቴ ኦዲል፣

ከዚህ በኋላ አንቺ ነው የምልሽ፤ ያዘዘችኝ እናቴ ናት። "ለወንድምህ ሚስት እርስዎ ትላለህ እንዴ?" አለችኝ።

መልስሽን ወጥ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጥቁር ለመልበስ መብት ያለሽ ስላልመሰለሽ ኮትሽን ፈተሽ ገበሩ ውስጥ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ጥቁር ጥብጣብ የሰፋሽበት ቦታ ላይ ስደርስ "ድገመው" አለችኝ። ደገምኩት። "በየትኛው በኩል ነው?" አለች። በልቧ በኩል ነው የሚለው አልኩ። ጓዳ ገብታ የሠርጓን ሳጥን ስትከፍት ሰማሁ። ለእናቷ ሐዘን የለበሰችውን ጥቁር ነጠላ ሻሽ አውጥታ ይዤልሽ እንድመጣ ሰጠችኝ። "ከውጭ ታድርገው በላት። ተደብቆ የሚታዘንለት ልጅ አልወለድኩም።"

ከዚያ መቁጠሪያዋን ፈታች፤ ቁልፉን እጄ ላይ አኖረችው። "ፒያኖውን ነው የቆለፍኩት፣ አንተን አይደለም።"

"መስኮቱን ልዝጋው?" አልኳት። ጎረቤቶቻችን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ተወው። የጠየቀ ካለ የአኔሎ ነው እለዋለሁ።"

እንዴት እንደተጫወትኩት አልጽፍልሽም፤ በኮንሰርቱ ትሰሚዋለሽ፣ ያም ቢሆን ያው አይሆንም። ይህን ብቻ ልንገርሽ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አባቴ ከባሕር ዳር ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቅጥራኑን ሳይታጠብ፣ ቆቡን ይዞ። አልገባም፣ አልሄደም። በማግስቱ ሳልነግረው የሥራ ልብሱን ለውጦ ፓስፖርት ወደሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ወሰደኝ። ብዕሩን እንደ መዶሻ እጀታ ጨብጦ ስሙን ጻፈ። ጸሐፊው "ልጁ ወደ ፓሪስ ለምን ጉዳይ ነው የሚሄደው?" ሲለው "ለሥራ" አለው።

"ምን ሥራ?"

"የኔን" አለ አባቴ።

ባቡሩ ሐሙስ ጠዋት ነው የሚደርሰው። ክንዴ ላይ ጥቁር ጨርቅ አለ፤ በአንድ እጄ ዶን ሳባቶ ያዋሱኝ ሻንጣ፣ በሌላው እናቴ የላከችልሽ የካስቴላማሬ ብስኩት ነው። ጠንካራ ስለሆነ ውኃ ወይም ወይን ውስጥ ንከሪው፤ አኔሎ ሳይነክር እየነከሰ አንድ ጥርሱን ሰብሯል። ቅጥራን ቢሸትሽ አትገረሚ። አባቴ የተነከረ ቃጫ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ከቶታል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

የጠየቅሽኝን ይቅርታ ገና በአፌ አላልኩትም። በአካል እለዋለሁ፤ እንደዚህ ያለ ነገር በደብዳቤ ሲጻፍ እንደ ዶን ሳባቶ ዓሣ ጨው ይገባዋል።

እስከዚያ ቼሎውን ለሚጫወተው ሰው አንድ ነገር አደራ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አይጣደፍ፤ ባዶው ቦታ ላይ ቀስቱን አያንቀሳቅስ፣ ወደ እኔም አይመልከት። ሙሴ ላፎስም አዳራሽ ውስጥ ካሉ ሳላቸውን ከዚያ በፊት ይጨርሱ። አንቺም ከፊት ወንበር ሆነሽ እጄ ሲቆም ካየሽ ጠፋበት ብለሽ እንዳትደነግጪ። አልጠፋብኝም። እየሰማሁ ነው።

ወንድምሽ
ካቴሎ